የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው «አፉ በሉኝ»

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

ሉባባን ዘንዶ ሊያስበሏት ነው። ጠዋት ዓሣ እየፋቅሁ ስልኬ ጮኸ፤ ቅርፊት በለበሰ እጄ ከፈትኩት። የፊልሙ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሐይቅ፣ ጨረቃ፣ በመሃል ቤት የሚያህል የተከፈተ አፍ፣ ጥርሶቹ መካከል ሚጢጢ ልጅ። ከሥሩ በቀይ ቀለም «አፉ… በሉኝ!» ይላል። ነጠብጣቡንም ቃል አጋኖውንም የጨመሩት እነሱ ናቸው፤ መጽሐፉ ላይ የሉም።

ካልጻፍኩት አልረጋጋም። «የሐይቁ ደጃፍ» የሚለውን ልብወለድ ሪያድ ሳለሁ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልክ ነው ያነበብኩት፤ አገሬ ከገባሁም ደግሜዋለሁ። ሉባባ የምትባል ልጅ አለች። ከሐይቁ ሥር የሚኖሩ የውሃ ሰዎች ወንድሟን ወስደውባታል። መጨረሻ ላይ እሱን ልታመጣ ትነሳለች። ዘንዶው በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የሀገሬው ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ከዚያ አንዲት መስመር ብቻዋን፦ አፉ በሉኝ። አለቀ። ቀጥሎ ባዶ ወረቀት ነው። ደራሲው የአምባሰል ሰው ነበር፤ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። የሚጠየቅ ሰው የለም።

በስልክ ያቋቋምነው የአንባቢዎች ቡድን አለ፤ አብዛኛው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዓመት ሙሉ የተከራከርነው «ትመለሳለች ወይስ ትቀራለች» እያልን ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ስለ መንገደኛ ሳወራ እነሱ ስለ ቀብር ያወራሉ። «በሉኝ»ን «ሉ»ን አጥብቀው ነው የሚያነቧት፦ ዋጡኝ፣ ቆረጣጠሙኝ። እኛ ዘንድ ላልታ ናት፦ ይቅር በሉኝ። ዓረብ አገር የሚሄድ፣ ሐጅ የሚሄድ፣ ሆስፒታል የሚገባ ሰው ጎረቤቱን ዞሮ የሚለው ቃል ነው። የሚሞትም ሰው ይለዋል፣ አልክድም። አብዛኛው ብሎት ሄዶ ግን ይመለሳል። እኔም ብዬ ሄጄ ይኸው ተመልሼ ዓሣ እጠብሳለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

የማስበው ለሰዓዳ ነው። አብሮ አደጌ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ኩዌት። በደላላ፣ ለእናቷ ሳትነግር፣ አፉ በሉኝ ሳትል ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲህ ለእናቷ ደውላ አታውቅም፤ ሰላምታውም ገንዘቡም በእኔ በኩል ነው የሚመጣው። ኮንትራቷ አልቋል። ነይ ስላት «እማን በምን ዓይኔ አያታለሁ» ትላለች። መጽሐፉን ያስተዋወቀችኝ እሷ ናት። ያኔ «ሩቂ፣ መጨረሻውን አንብቢው፤ ሉባባ ለእኔም ብላልኛለች» አለችኝ። ፊልሙን እንደ ኢድ ስትጠብቀው ነው የከረመችው።

ዛሬ ማስታወቂያውን አይታ የላከችው ድምፅ አጭር ነው። «ሉባባም ቀረች በይኛ።»

እሑድ፣ መስከረም 18

ቡድኑ ውስጥ ረጅም ማብራሪያ ጻፍኩ። መልሶቹ፦

«እህታችን፣ ‹አፉ በለኝ›ን ከዘፈን እናውቀዋለን። እዚህ ግን ዘንዶው አፉን ከፍቶ ቆሟል እኮ።»

«ይቅርታ የምትጠይቀው ምን አጥፍታ ነው?»

«ኮምፒውተር ላይ ዘንዶውን ለመሥራት ስንት ወር የፈጀባቸውን አንቺ በአንድ ቃል ልታስቀሪው ነው?»

አንዱ ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ ሥዕል ልኮ «ይህም በሉኝ እያለ ነው» አለ። ሳልወድ ሳቅኩ። ሥራዬን ማን እንደነገረው አላውቅም።

ይቅርታ ለመጠየቅ ጥፋት ያስፈልጋል ያለችው ልጅ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ዋለ። እኛ ጥፋት ቆጥረን አይደለም የምንለው። ሰው አብሮ ሲኖር የሰው ሐቅ ሳያውቀው እላዩ ላይ ይቀራል፤ መንገድ ያለው ሰው ይህን ተሸክሞ አይሄድም። ይህን ብጽፍላቸው ደግሞ ስብከት ይመስልብኛል ብዬ ተውኩት።

እማ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ስውል አይታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ነገርኳት። «አጃኢብ፤ አፉን ከአፍ ጋር አገናኙት?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

የቀረጻው ሰዎች ከተማችን ገብተዋል። የሉባባን መጨረሻ እዚሁ ሐይቅ ዳር ነው የሚያነሱት። በዚህስ ደስ ብሎኛል።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ዛሬ የሆነውን በወጉ ልጻፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ዓሣ ቤታችን ገብቶ ጥብስ አዘዘ። ቢኒያም ይባላል፤ የዳይሬክተሩ ረዳት ነው። የፊልሙ ኮፍያ አናቱ ላይ ነበርና ሚጥሚጣውን ሳላስቀምጥ ክርክር ጀመርኩ። ትሑት ልጅ ነው፤ አልተቆጣም። «እህቴ፣ አንቺ የምትይው ሊሆን ይችላል። ግን ሲነበብ እንደዚያ አይሰማም» አለኝ። ሲነበብ አይሰማም ማለቱስ እውነት ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ምን ላድርገው?

በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዘንጓን ይዛ በር ላይ ቆመች። ዛሬውኑ አውቶቡስ አግኝታ ለማርያም ግሸን ልትወጣ ነው። ከበሩ ሳታልፍ፣

«ሩቅያ፣ እናትሽስ? እንግዲህ መሄዴ ነው፤ አፉ በሉኝ» አለች።

«አፉ ብለናል እትዬ፤ በሰላም ይመልስሽ» አልን እኔና ጓዳ ያለችው እማ፣ እኩል።

ቢኒያም ቁራሹን እንደያዘ ቀረ። «እማማ፣ አሁን ምን አሉ?»

«አፉ በሉኝ ነዋ ያልኩ። አንተም በለኝ እንጂ፤ ጎርሰህ አትየኝ።»

«እኔ አላውቅዎትም እኮ።»

«ሳታውቀኝ አምተኸኝ እንደሆነስ?»

ልጁ አፈረ። «እሺ፣ አፉ ብያለሁ» አለ። እሷም መርቃው ሄደች። ቁራሹን ሰሃኑ ላይ መልሶ ለብቻው ሁለቴ ደጋግሞ አላት፤ አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ። ከዚያ ስልኩን ይዞ ወጣ። ሒሳቡንም ረስቶት ነበር፤ ተመልሶ ከፈለ።

ያ ረቢ፣ እትዬ አስካለን በዚያች ሰዓት ያመጣሃት አንተ ነህ። ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ቢኒያም ጠዋት መጣ። ዳይሬክተሩ ማስታወቂያው በየቦታው ተለጥፏል፣ ዘንዶው ተሠርቷል ብሎ አስቸግሯል። በመጨረሻ የተስማሙት ልጅቷ አላልታ እንድትለው፣ ዘንዶውም እንዲቀር ነው። ትበላ አትበላ ግን ኋላ፣ ፊልሙ ሲቀናበር ይወሰናል።

«ደስ አላለሽም?» አለኝ።

«ግማሽ ደስታ ነው» አልኩት።

«ሰውዬው የአምባሰል ሰው አይደል? ሁለቱንም አስቦ ቢሆንስ? ሰሙ በሉኝ፣ ወርቁ ይቅር በሉኝ።»

ይህን አስቤው አላውቅም። የሚያበሳጨው ደግሞ ያምራል። ውኃው ሊበላኝ ይችላል፣ ስለዚህ ይቅር በሉኝ። እኛስ አውሮፕላን ስንሳፈር ከዚህ ሌላ ምን አልን? ቡድኑ ውስጥ ያሉትን ልጆች ትናንት በልቤ ደደቦች ብያቸው ነበር፤ መልሼ ወሰድኩት።

ሐሙስ ዳር ላይ የሚቆም ሕዝብ ስጡን ብለውኛል። ንግግር የለውም፤ ቆሞ ማየት ብቻ። ከሰዓት የሰዓዳን እናት እትዬ ዘሃራን ልጠይቃት በባጃጅ ሄድኩ። ማሽላዋን ከወፍ ስትጠብቅ አገኘኋት።

«ፊልም ሐራም አይደል ወይ?» አለችኝ።

«ቆመሽ ውሃ ማየት ነው እትዬ።»

«ውሃ ለማየትማ ምን ጠሪ ያሻኛል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ዝቅ ብላ «ሰዓዳ ታየዋለች?» አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟን ከአፏ ስሰማ ያሁኑ የመጀመሪያዬ ነው። ኢንሻአላህ ታየዋለች አልኳት። እመጣለሁ አለች።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

ገበያ ቀዝቅዟል፤ ክርስቲያኑ ግማሹ ግሸን ነው። ካፊያ ነበር። ሰዓዳ «ነገ በስልክሽ ቅጂልኝ፤ ድምፁን እንኳ ልስማ» አለችኝ። መቅዳት ክልክል ነው አልኳት።  ለመነችኝ፤ አልቻልኳትም፣ እሺ አልኩ።

ምስጋና፦ ለኔትወርኩ፣ ለመንገዱ ሰላም መሆን፣ ለእማ ጉልበት መሻል። ዓሣውም ዛሬ ትልልቅ ነበር።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ደክሞኛል፤ ድምፄም ዘግቷል።

ጠዋት ዳር ላይ አሰለፉን። ሴቱ ባለ ሻሹ፣ ወንዱ ባለ ሽርጡ፤ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ ተማሪ። ዘንዶው በረጅም እንጨት ላይ የታሰረ አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ሉባባን የምትጫወተው ልጅ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ናት፤ ውሃው ቀዝቅዟት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ቃሏን ጠዋት አብረን አጥንተናል። መጀመሪያ ሁሌ ታጠብቃት ነበር። «ዘንዶ የበላሽ ሳይሆን መንገድ የያዝሽ ሁኚ» ስላት ገባት።

ካሜራው ተነሳ። ልጅቷ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ ዞረች፣ አየችን። «አፉ በሉኝ» አለች። ወላሂ፣ የሰፈራችን ልጅ ነው የመሰለችኝ።

«አፉ ብለናል!» አለ ዳር ያለው ሰው ሁሉ።

«ቁረጥ!» ዳይሬክተሩ መጣ። ዝም ማለት አለባችሁ አለ በትሕትና። ሕዝቡ ንግግር የለውም፣ ድርሰቱ ላይ የለም፣ ከቃሉ በኋላ ጸጥታ ነው። እሺ፣ እሺ ተባለ።

ደገሙት። «አፉ በሉኝ።» «አፉ ብለናል፣ አላህ በሰላም ይመልስሽ!» ዘንድሮ ያገባው ዓሣ አስጋሪ አፉን በእጁ ይዞም ቢሆን አለው። እኔ ራሴ ብያለሁ፤ ምላሴ አስቀደመኝ። ዳይሬክተሩ አናቱን ያዘ። ቢኒያም ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይስቅ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ እየተማጠነን ተነሳ። ሁላችን ከንፈራችንን ነከስን። ልጅቷ አለች። ጸጥ። ውሃው ብቻ ይሰማል። አሁንስ አለቀ ስል ከአጠገቤ እትዬ ዘሃራ፣ ቀስ ብላ፣

«አፉ ብዬሻለሁ ልጄ። አላህ ይመልስሽ፤ እኔ ምንም አልያዝኩብሽ።»

ካሜራው አልቆመም። ልጅቷ ውሃው ውስጥ እንደቆመች አለቀሰች፤ አልቅሺ ያላት የለም።

ኋላ ዳይሬክተሩ ወደ እትዬ ዘሃራ መጥቶ «እማማ፣ ዝም እንበል ብለን አልነበረም?» አላት፤ ቁጣም የለበት።

«ልጅ አፉ በሉኝ እያለች ዝም ይባላል ወይ? የሰው አገር ስትሄድ ሐቄን አሸክሜያት?»

 ዳይሬክተሩ አራተኛ አላነሳም፤ «ለዛሬ በቃ» አለ። ያስገቡት ይሁን ያውጡት አይታወቅም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲቀዳ ነበር። ቤት ስገባ ለሰዓዳ ላክሁላት።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ሰዓዳ ትናንት መልስ አልላከችም። ጠዋትም የለም። ባልላክሁት ብዬ ተጸጸትኩ፤ ዓሣም አሳረርኩ።

እትዬ አስካለ ከግሸን ተመልሳ ጸበል ይዛልን መጣች። እግሯ አብጧል፣ ፊቷ ግን በርቷል። ቢኒያምም ሊሰናበት መጣ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ዳይሬክተሩ የትናንቱን ማታ ደጋግሞ ሲያየው አመሸ አለኝ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም አለ። ስላደረገልኝ ሁሉ አመሰገንኩት። እሱም ተነስቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «እንግዲህ… አፉ በሉኝ» አለ፣ እንደ ተማሪ እየፈራ። እማ ከጓዳ ወጥታ መለሰችለት።

ከጁምዓ በኋላ የሰዓዳ ድምፅ ገባ። «ሩቂ፣ ያ ብቻውን የመጣው ድምፅ የእማ ነው?»

አዎ አልኳት።

«ለልጅቷ ነው ያለችው… ወይስ?»

 እኔ የሰውን ልብ አልከፍት። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፤ ስልኳን ልኬልሻለሁ፣ ጠይቂያት» አልኳትና ቁጥሩን ላክሁ። አላስችል ሲለኝ ትንሽ ቆይቼ ደወልኩላት፤ ተይዟል። እትዬ ዘሃራ ጋ ደወልኩ። የእሷም ተይዟል። ከአስር ሶላት በኋላ ሁለቱንም ሞከርኩ፤ እንደተያዘ ነው። መግሪብ ሊል ሲል ሞከርኩ፤ አሁንም ተይዟል።

አልሐምዱሊላህ። ፊልሙን እንዳሻቸው ይጨርሱት።