ማሽላን ከሰማይ ያነበቡት እናታችን

እናታችን ከወፍጮ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ። እግራቸው ውጭ ውጭ ስለሚል አያታችን፣ "እሷን ቤት ማስቀመጥ ውሃን በእፍኝ መያዝ ነው" ይሉ ነበር።

የእርሻ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1979 ዓ.ም. በአንድ የሰብል ምርምር ማዕከል የማሽላ ዘር አዳቃይ ሆነው ተቀጠሩ። ድርቅ የሚችል ዘር ፍለጋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በማሳ ውስጥ እየዞሩ ተክሉን በእጃቸው ለኩ። በ1983 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው እኛን ሁለት ሴት ልጆቻቸውን አፈሩ።

በ1998 ዓ.ም. ማዕከሉ በትንሽ አውሮፕላን ላይ የሚገጠም የሙቀት ካሜራ አመጣ። ውሃ ያላጣ ቅጠል ቀዝቀዝ ስለሚል በፎቶው ሰማያዊ፣ የተጠማው ደግሞ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ፎቶውን ከተክሉ ጋር አገናዝቦ ማንበብ የቻሉት እሳቸው ብቻ ሆኑና ዕውቀታቸው ጠለፋቸው። ብርሃን ስክሪኑን እንዳይሻማ መስኮቱ በጡብ የተደፈነ የቀድሞ የዘር መጋዘን ቢሮ ሆነላቸው። ኃላፊው "ለስድስት ወር ብቻ ነው" ብለው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነ። ወደ ማሳ ልመለስ ብለው ሰባት ጊዜ አመለከቱ፤ መልሱ ሁልጊዜ "የሚተካዎት ሲገኝ" ነበር። ባልደረቦቻቸው "ጭልፊት" ሲሏቸው፣ "ጭልፊትማ ትበራለች" ይሉ ነበር። አባታችን ምሳቸውን ሲያቀብሏቸው "ስንቅ ነው ወይስ የእስረኛ ጥየቃ?" እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ እናታችን ግን አይስቁም።

በ2007 ዓ.ም. ድርቅ ሲመታ ከማሳው ሁሉ ቁጥር 417 የተባለው የሙከራ ዘር ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። የማዕከሉ ዘር መራጭ ኮሚቴ ግን፣ ዝናብ በጠገበ ዓመት ምርቱ ያንሳል ብሎ ሊጥለው ወሰነ። እናታችን "ዝናብ ሲኖርማ ሁሉም ጀግና ነው" ብለው ቃለ ጉባኤውን አልፈርምም አሉ። ሦስት ጊዜ ተጠርተው ብዕር ሳያነሱ ተመለሱ። በመጨረሻ ሁለት ዓመት ይሞከር ተባለ። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ሌላው ሲከስል 417 አፈራ። በ2011 ዓ.ም. ዘሩ ለገበሬ ሲመረቅ ሰው ሁሉ ወደ ማሳ ወጣ። የሌላ ምርምር ጣቢያ ፎቶ እየገባ ስለነበር እናታችን ከዚያች ክፍል አልወጡም።

በ2014 ዓ.ም. ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር አከርካሪያቸው ታሞ እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ አልጋ ያዙ። ባለፈው ጥቅምት አባታችን ያ ማሽላ ወደተዘራበት መንገድ ዳር በመኪና ወሰዷቸው። መውረድ ስላልቻሉ መስታወቱን አውርደው ሲያዩ ቆዩ። "ከላይ ሲታይ እኮ ይህን ያህል ረጅም አይመስልም ነበር" አሉ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አምስት ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ግድግዳ በሌለበት ሰፊ ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።