ኢዮስያስ የዘረጋው ሽቦ

ውድ ወንድሜ ኢዮስያስ፣

እንደማታነበው እያወቅሁ እጽፍልሃለሁ፤ ለሌላ ሰው የምናገርበት አፍ አጣሁ። አብሮህ የተጓዘው ሱልጣን ከጆሃንስበርግ ደውሎልኝ ነበር። መንገድ ላይ ወባ እንደጣለህ፣ ታንዛኒያ ጫካ ውስጥ በእጃቸው አፈር ምሰው እንደቀበሩህ ነገረኝ። ለእማዬ መንገር አቃተኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነገርኩ።

የበረንዳውን አምፖል ታስታውሳለህ? በፊዚክስ ተመርቀህ ሥራ ስታጣ የሰው ቤት መብራት መዘርጋት ጀመርክ፤ የመጀመሪያው ግን የእኛው የቱላው ቤት ነበር። ስታበራው እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ይሄ ከግድቡ ድረስ እዚህ መጣ?» አለችህ።

«አልመጣም እማዬ። ኤሌክትሮኗ የዚሁ የሽቦው ናት። መዳቡ አተም በአተም ነው፤ እያንዳንዱ አተም ላላ ያለች ኤሌክትሮን አለችው። ከግድቡ የሚመጣው ኃይል ይነቀንቃታል እንጂ እሷ እዚያው ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ የትም አትሄድም።»

«ሳትሄድ ታበራለች?»

«ሳትሄድ ታበራለች!»

ከእናታችን የተሻለ ተማሪ አልነበረህም። ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትነሣ መናኸሪያ ስንሸኝህ፣ የሞያሌው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ፣ እጅህን ጨብጣ ምን አለችህ? «የሽቦዋ እንኳ ሳትሄድ ታበራለች አላልከኝም? አንተስ እዚሁ ብትሆን ምናለ?» ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ። ግንባሯን ስመህ፣ ወደ እኔ ዞረህ «እማዬን አደራ፣ ሀሴት» ብለህ ገባህ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያ አምፖል ቀንም ሌሊትም እንደበራ ነው። ላጥፋው ስላት «ልጄ በሩን ይሳተው?» ብላ ትቆጣኛለች። ትናንት ጎህ ሳይቀድ ጋሽ ሽበሺና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው መጡ። እማዬ በመስኮት አምፖሉ ሥር የቆመ ሰው አየች። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ «መጣህልኝ!» እያለች ሮጣ ወጣች። ጋሽ ሽበሺ ኮፍያውን አወለቀ። እሷም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ዛሬ ድንኳን ተተከለ። ለመብራት ሲቸገሩ እማዬ ራሷ ተነሥታ፣ «የበረንዳውን ፍቱት» አለች። «ከእንግዲህ ማን ሊመጣበት?»

አሁን ድንኳኑ ውስጥ ከነሽቦው ከራሷ በላይ ተሰቅሏል፤ ለቀስተኛው የሚተያየው በሱ ነው። ሽቦው ያው አንተ የዘረጋኸው ነው። ኤሌክትሮኖቹም እዚያው ናቸው። እማዬ አታለቅስም፣ አትበላም፤ ቀና ብላ አምፖሉን ብቻ ታያለች። አደራ ብለኸኝ ነበር። እኔ እንጃ፣ ወንድሜ።

እህትህ ሀሴት
ከቱላ፣ ሐዋሳ