በቀዮቹ መካከል ጥቁር ልብስ

ግሬፕቫይን፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 23 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ከክረምቱ ወዲህ ተሻለሽ ወይ? ልጆችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ ጓሮሽ ያለው ጌሾ ሳይቀር እንደምን ነው? እኔና ኖላዊ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እጄ ለጽሕፈት እንደማይፈጥን ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ይህቺን ከጠዋት ጀምሬ እየለቃቀምኳት ነው። ልቤ ሞልቷልና ነገሩ ቢዘበራረቅብኝ ታገሺኝ። ደግሞም የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ልጁ የሚጫወተው ምንድን ነው ብለሽኝ ነበር። እዚህ እግር ኳስ የሚሉት እኛ የምናውቀውን አይደለም። ኳሱ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ አለው፤ በእጅ ይዘው ነው የሚሮጡት። ኳርተርባክ የሚባለው ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ነው። እሱ ቆሞ ሲያስብ አራት አምስት ግዙፍ ልጆች ሊጥሉት ይመጡበታል። ያ ዳቦ ሲቆርስ እንኳ አስር ጊዜ የሚያስበው ኖላዊ በአሥራ ሰባት ዓመቱ እዚህ ቦታ ላይ ቆመልሽ። እኔ ብሆን ኳሱን ለመጣው ሰው አስረክቤ ቤቴ እገባ ነበር።

አርብ ማታ ከተማው ሁሉ ስታዲየም ነው። የትምህርት ቤቱ ቀለም ቀይ ስለሆነ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ውሻው ሳይቀር ቀይ ይለብሳል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲያሸንፉ ጋዜጣው የኖላዊን ፎቶ አወጣ። የማላውቃቸው ሴቶች ኬክ ይዘው መጡ። ስሙና ቁጥሩ ያለበት ሰሌዳ ደጃችን ሣሩ ላይ ተከሉ። ያን ቀን እታለም፣ ሳቅሁ። በኩሬን ጳውሎስን መኪና ከነጠቀኝ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ኖላዊ ወትሮ ከትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ “እማዬ፣ በላሽ?” ብሎ ነው። ያን ማታ ግን ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ “እማዬ፣ ሳቅሽ እኮ። ከሜዳ ሆኜ አየሁሽ” አለኝ። ሁለት ሳህን በላሁለት።

ሦስተኛውን ተሸነፉ። ቀኑ የጳውሎስ ልደት ነበርና እዚያው ወንበር ላይ እንባዬ መጣ። ኖላዊ በሽንፈቱ ያለቀስኩ መሰለው፤ እኔም አላስረዳሁትም። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳውን አንስተውታል፤ ሣሩ ላይ ቀዳዳው ብቻ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው እየደወለ ስለ ጨዋታው የሚናገርበት ራዲዮ አለ። የልጅ አባት የሚሆኑ ሰዎች ደውለው፣ “ይሄ ልጅ ልብ የለውም፣ ይቀመጥ” ይላሉ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወሩ ነው እኮ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ኳሱ እጁ ላይ እሳት የሆነበት ይመስል ገና ሳያይ ይወረውር ጀመር።

አሁን የኔን ጉድ ስሚ። አምስተኛው ጨዋታ ላይ የመጣው ቡድን ለካ ጥቁር ለባሽ ነው። እኔ በምን አውቄ? ከራሴ እስከ እግሬ በሐዘን ልብሴ ቀዮቹ መካከል ቁጭ ብያለሁ። ፊቴ ያለችው ሴት ዞራ ፈገግ እያለች የሆነ ነገር አለችኝ። ያከበረችኝ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳት። ጎረቤታችን ጋሽ ጉግሳ፣ ታክሲ የሚነዳው፣ አርብ አርብ የሚያደርሰኝም የሚያስተረጉምልኝም እሱ ነው። “ወገኖችሽ በዚያ ማዶ ነው የሚቀመጡት ነው እኮ የምትልሽ” አለኝ። ለሴትዮዋም ሐዘንተኛ መሆኔን ነገራት። ከኋላ አንዱ፣ “ገና ሳንሸነፍ?” ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ።

በማግስቱ ጋዜጣው የእኔን ፎቶ አወጣው። ጋሽ ጉግሳ ሲያነብልኝ፣ እናቱ እንኳ አላመነችበትም ይላል። ራዲዮው ላይም ሦስት ሰው ስለ ቀሚሴ ደወለ። ተናደድኩ። ሙት ዓመቱ ታኅሣሥ ነው፤ ለእነሱ ኳስ ብዬ የልጄን ሐዘን አላወልቅም አልኩ። ኖላዊን ይቅርታ ስጠይቀው፣ “ኦኬ ነው እማዬ። እንዲያውም ጥሩ ነው። ሁሉም ቀይ ስለሆነ ቀና ስል ወዲያው አገኝሻለሁ” አለኝ። ይህን ቃል ለስንቱ ሰው እንዳወራሁት አትጠይቂኝ። ኮራሁ።

ረቡዕ ዕለት አሰልጣኙ አስጠራኝ። ትልቅ ሰው ነው፤ ቆብ አውልቆ ነው የተቀበለኝ። ጋሽ ጉግሳ እንዳስተረጎመልኝ፣ “ክንዱ ደርሷል፤ ዓይኑ ግን ገና ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ዓይን የሚማረው እየተሳሳተ ነው። ከተማው ግን ለአርብ ይድረስልኝ ይላል” አለ። ቀጥሎም፣ “ከእያንዳንዱ ኳስ በፊት ወደ ሰዉ ቀና ይላል። ጋዜጠኞቹን የሚፈራ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ብከተለው የሚያየው እናቱን ነው። ልጁ ለእርስዎ የሚሰጋው ነገር አለ?” ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ጉግሳ ይህቺን ሲያስተረጉም ድምፁን ቀነሰ። የለም አልኩ። ስንመለስ ግን ጋሽ ጉግሳ ደጃችን ፓርክ አድርጎ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ ጥቁር ቀሚሴን ነበር የማየው።

እንግዲህ ኑዛዜዬ ይህ ነው። ትናንት አርብ ጥቁሬን አወለቅሁ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ፣ ስድስት ሳምንት ሲቀረው። ቀይ ግን አልለበስኩም። ለጳውሎስ ምረቃ ብለሽ የላክሽልኝን ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። ወገቡ ሰፍቶኝ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። የተቀመጥኩትም በሌላ በኩል፣ ከፍ ብሎ ካለው ወንበር ላይ ነው።

ኖላዊ ቀና አለ። ፈለገኝ። ደግሞ ቀና አለ። እጄን ላውለበልብለት ስል ጋሽ ጉግሳ ክንዴን ያዘኝ። ሦስተኛ ጊዜ ቀና ብሎ ሲያጣኝ ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ፤ ከዚያም አልተመለሰም። ምነው ባየሽው እታለም። ኳሱን ይዞ ይቆማል። ሰዉ ወርውር እያለ ይጮኻል፤ እሱ ይቆማል። ሁለቴ ጣሉት፤ ሣሩን አራግፎ ተነሳ። በመጨረሻ ያንን ኳስ እንደ ወፍ ለቀቀው፤ ማንም ያላየው ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ ተቀበለው። እኔ ማን እንዳቀፈኝ፣ ማንን እንዳቀፍኩ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ በሦስት ነጥብ ተሸነፉ፤ አሰልጣኙ ግን ሜዳ ውስጥ ገብቶ ራሱን ሳመው።

ሲጨርስ አጥሩ ጋ ጠበቅሁት። ቀሚሴን አይቶ ቆመ። “እማዬ፣ ጨረስሽ?” አለኝ። “ጨረስኩ” አልኩት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያላለቀሰው ልጅ ደረቴ ላይ አለቀሰ። መኪና ውስጥ፣ “የሚመጣው ዓመት ባልጫወትስ?” አለኝ። ብትጫወትም ባትጫወትም እኔ እራት እበላለሁ አልኩት። ጋሽ ጉግሳ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ።

የቄሳችንን ነገር ለአንቺ ትቼዋለሁ፤ ነጭ መልበሴን አንቺው በለዘብታ ንገሪልኝ። አንቺም ካዘንሽብኝ ንገሪኝ፤ ከጥፋቴ ጋር እቀበለዋለሁ።

ዛሬ ራዲዮውን አልከፈትነውም። ልጄ እስከ እኩለ ቀን ተኛ። ይህን ስጽፍልሽ አሁን ገና ተነሳ። “በላሽ?” አላለኝም። ዓይኑን እያሸ፣ “እማዬ፣ የሚበላ ምን አለ?” አለኝ።

ልነሳና ላቅርብለት። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ይሙላልሽ፣ በደስታ የምንገናኝበትን ቀን ያቅርብልን።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ