ዓመቱ ታርሞ ሰዓቱ ስለተረሳበት የሎግ ወረቀት

ለተከበሩ አቶ በድሩ
የጨፋ ይዞታ መረጃ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ከሚሴ

አሰላሙ አለይኩም፤ አከም ጂርቱ፤ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ አዲሶቹ ሙሽሮችና ከባቲ ይዘዋቸው የመጡት ሁለት ፍየሎች እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመጽሔት ላይ የምጽፍልዎ ሦስት ቀን ደጅዎን ጠንቼ ሦስቱንም ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ነው። ስብሰባው በሰላም እንዲያልቅ ዱዓ እያደረግኩ፣ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ላቅርብ።

፩. ከሁሉ አስቀድሞ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋን ሱዓድን ሥራዋን እንድትሠራ ስለፈቀዱላት አመሰግናለሁ። ሱዓድ መዝገቦቹ የሚቀመጡባቸውን ዋና ኮምፒውተሮች፣ የከሚሴውንና የሰንበቴውን ሰርቨር፣ ያለ ክፍያ በሚገኘው፣ ውስጡንም ማንም ከፍቶ ሊያየው በሚችለው «ሊነክስ» በተባለ ሥርዓት አስነሥታ፣ ሎግ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ጫነችባቸው። የከሚሴ ኢንተርኔት ነገር ለእርስዎ አይነገርም፤ ሶፍትዌሩን ኮምቦልቻ ድረስ ሄዳ በፍላሽ ነው ያመጣችው። ለማያውቁ አንባቢዎቼ ለመግለጽ ያህል፣ ሎግ ማለት የዘበኛው የጋሽ እንድሪስ ደብተር ማለት ነው። ጋሽ እንድሪስ በበሩ ማን በስንት ሰዓት እንደገባ እንደሚጽፉ ሁሉ፣ ሰርቨሩም ማን ገብቶ ምን እንደነካና ምን እንዳጠፋ ይጽፋል። ልዩነቱ፣ ሰርቨሩ ሻይ ሊጠጣ አይወጣም፤ ኃላፊ ሲያይም እስክሪብቶውን አያስቀምጥም።

፪. ሱዓድ ዋናው የይለፍ ቃል በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይሁን ብላ ስትለምንዎ፣ «በገዛ ቢሮዬ እኔ የማልገባበት ክፍል ሊኖር ነው?» ብለው ለራስዎም ስለወሰዱት ትጋትዎን አደንቃለሁ። የልጅዎን የሰርግ ቪዲዮም ከእኛ ከተማ ፍላሾች ቫይረስ ለማዳን ብለው እዚያው ሰርቨር ላይ እንዳስቀመጡት ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ አይበሉኝ፤ ከሚሴ ውስጥ ይህን ያልሰማ ቢኖር የቦርከና ወንዝ ዓሣ ነው። ሰርጉ እጅግ ያማረ ነበር። ሰርቨሩም እንደ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ።

፫. የካቲት 18 ቀን፣ ሰኞ፣ የአርባ ሦስት የጨፋ አርሶ አደሮች የይዞታ መዝገብ ከሰርቨሩ ጠፋ። ሱዓድ ሎጉን አትማ አመጣችልዎ። ወረቀቱ መዝገቡ በዋናው የይለፍ ቃል መጥፋቱን ይናገራል፤ ቀኑን ፌብሩወሪ 25 ቀን 2013፣ ሰዓቱን 08:15 ይለዋል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እርስዎና እሷ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቋቋሙ። ስለዚህ ፍጥነት ከምስጋናም በላይ ነው የማደንቅዎ፤ የአባቴ የይዞታ ደብተር ለመታተም አራት ዓመት ወስዷልና።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሣህሌ ወረቀቱን እንዳዩ በቀይ እስክሪብቶ 2013ን ሰርዘው 2005 አደረጉት፤ ፌብሩወሪ 25ንም ወደ የካቲት 18 መለሱት። ሰዓቱን ግን እንዳለ ተዉት። ስለዚህ መዝገቡ የጠፋው ከቀኑ 8 ሰዓት ከ15 ላይ ሆነ። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሱዓድ ከሰንበቴ ተመልሳ ብቻዋን ሰርቨር ክፍል ነበረች።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ጠዋት ሁለት ከሩብ ነው» ብላቸው ነበር ሱዓድ።

«ሰዓት ሰዓት ነው፤ የፈረንጅ የሐበሻ አትበይብን።»

«ታዲያ ዓመቱን ለምን ቀየራችሁት?»

«ዓመቱማ ተሳስቶ ነው» አሉ አቶ ሣህሌ፤ በቃለ ጉባኤም ሰፈረ።

፬. እርስዎ ለኮሚቴው በማህተም አስደግፈው የጻፉት የምስክርነት ደብዳቤ ደግሞ በትምህርት ቤት ሊነበብ የሚገባው ነው። በዕለቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ለመስክ ሥራ ባቲ እንደነበሩ ጽፈዋል። እውነት ነው፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ግማሹ ከሚሴ ከፍየሎቹ ጋር አይቶዎታል። ነገር ግን ሰው ትጉህ ሲሆን ብዕሩ አያርፍምና አንድ አረፍተ ነገር ጨመሩ፤ «እኔ ወደ ባቲ ከመሄዴ በፊት እንኳ፣ እንደ ልማዴ፣ ማንም ሠራተኛ ሳይገባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቼ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብቻዬን ሰርቨሩን ሳጸዳ ነበር» አሉ። በዚያ ሰዓት ሱዓድ ገና ሰንበቴ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ እየጠበቀች ነበር። አላህ ሐቀኝነትዎን ይቁጠርልዎ፤ ሎጉ የጎደለውን ማስረጃ በገዛ ማህተምዎ ሞሉልን።

እንግዲህ ሐሙስ ኮሚቴው በሱዓድ ላይ የመጨረሻ ውሳኔ ይሰጣል አሉ፤ ከሥራ መባረር ነው የሚባለው። ሌላ ነገር አልለምንዎትም፤ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አንድ የግድግዳ ሰዓት እንዲቀመጥ ብቻ እጠይቃለሁ። የጠፋው መዝገብ ቅጂ ሰንበቴ ሰርቨር ላይ አለ። እንዴት እንደሚመለስ የምታውቀው ሱዓድ ናት፤ የይለፍ ቃሏን ግን «ለጥንቃቄ» ብለው ቀይረውባታል። አርባ ሦስቱ አርሶ አደሮች በየቀኑ ከጨፋ እየመጡ በደጅዎ ይሰለፋሉ። ቪዲዮው ግን ምንም አልሆነም፤ መዝገቡ በለቀቀለት ቦታ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለዎ ብያለሁ።

ስብሰባዎ እስኪያልቅ በትዕግሥት የምጠብቅ፣ ትጋትዎንና ማህተምዎን ለልጅ ልጅ የማወራ፣ የሁልጊዜ አክባሪዎ፣

ነኢማ
የዚህ አምድ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ የከሚሴውን ሎግ እንዳለ ማጥፋትዎን ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ድካምዎ ከንቱ ሆነብዎ። ሱዓድ ገና ስትጭነው እያንዳንዱ መስመር እዚያው በደቂቃው ሰንበቴም እንዲጻፍ አድርጋው ኖሯል፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ለከሚሴ ኢንተርኔትም አይከብድምና። ሎጉ ሲጠፋ የተጻፈው የመጨረሻ መስመርም እዚያ አለ፤ 10:05 ይላል። «ከሰዓት በኋላ ባቲ ነበርኩ» ብለው ዳግም ምስክር ከመጥራትዎ በፊት እባክዎ ስድስት ሰዓት ይቀንሱ።