እናቴን ከገመድ ኋላ ላቆሙልን ለእድራችን ዳኛ

ለክቡር ፓክ ግደ ዊራስታ፣
የመንደራችን አለቃ፣ የእድራችን ዳኛ፣ እንዲሁም በባሕሩ ዳርቻ ሆቴል የፊተኛው ጠረጴዛ የዘወትር ተጋባዥ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔም ወንድሜ ኮማንግም፣ አማልክት ይመስገኑ፣ ደኅና ነን። ወገብዎ በሆቴሉ ለስላሳ ወንበር እየተደላደለ፣ ፊትዎም በምሽት ፀሐይ እየወዛ መሆኑን ከሩቅ እያየን ደስ ይለናል። ከሩቅ ማለቴ፣ ቀረብ ብለን እንዳናይዎ የሆቴሉ ገመድ ስለማያሳልፈን ነው።

ይህን ደብዳቤ በእድሩ አዳራሽ በር ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። ቤትዎ እንዳላመጣው ሁልጊዜ ሆቴል ነዎት፤ ሆቴል እንዳላመጣው ደግሞ ዓሣ ነጋዴ ነኝና በጠረኔ እንግዶችዎን እንዳላስቀይም ፈራሁ። ትምህርቴ አጭር ነው፤ ይቅርታዎ ይርዘምልኝ።

ያስጻፈኝ የላኩልን መጥሪያ ነው። ወንድሜ ኮማንግ ዳርሳ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ ሥራ አስኪያጁንና እንግዶቹን በአደባባይ ይቅርታ ካልጠየቀ፣ ቤተሰባችን ከእድር እንደሚሰረዝ፣ ከቤታችን ሰው ሲሞትም አንድ ሰው ትከሻውን እንደማያበድረን አስታውቀውናል። ባሊ ላይ ለተወለደ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም፤ የመረጡልንም ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው። እንግዲህ መልሱን ከመስጠቴ በፊት የዋሉልንን ውለታ በየተራው ማመስገን ይገባኛል።

አንደኛ፣ ስለ ባሕሩ ዳርቻ አመሰግናለሁ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሙታንን አመድ ይዘን የምንወርድበትን መንገድ ለሆቴሉ ሲሰጡ፣ “የፀሐይ መጥለቂያው ውበት አገራችንን ያስጠራል” ብለውን ነበር። እውነትዎን ነው። እኛ ሞኞቹ ያን ሁሉ ዘመን ፀሐይ ስትገባ መረብ ስንሰበስብና ራት ስናበስል ከርመን፣ ውበት መሆኑን ያወቅነው ሰው ሲከፍልበት ነው።

ሁለተኛ፣ ለእናቴ ሽኝት ስላደረጉት ሁሉ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እናቴን ያስታውሷት ይሆናል፤ አባትዎ የሞቱ ጊዜ ግቢዎ ውስጥ ጭስ ላይ ተጎንብሳ ለእድርተኛው ሁሉ ሩዝ ስትቀቅል የሰነበተችው ሴት ናት። ሬሳዋን ጠዋት አቃጠልን፤ አመዷን እንደ ወጋችን በቢጫ ኮኮናት ውስጥ ከትተን፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን፣ አበባ አሰርንበት። ካህኑ ለነፍሷ የመረጡት ሰዓት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር፤ ያ ካለፈ ሌላ መልካም ቀን የሚገኘው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ከፊት መምራት የዳኛው ሥራ ስለሆነ ጠበቅንዎት፤ ቀሩ። አመመዎት ይሆን ብለን ተጨነቅን። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ግን በፊተኛው ጠረጴዛ ብርጭቆ ይዘው አገኘንዎትና ሐሳብ ጣልን።

መንገዱ ላይ ቀይ ገመድ ተዘርግቶ ነበር፤ ገመዱን የያዘው ደግሞ የሆቴሉ ዘበኛ፣ ወንድሜ። ለእናቱ ቀን ፈቃድ ጠይቆ “የመንደሩ ሰው አንተን ይሰማል” ተብሎ እዚያው እንዲቆም መታዘዙንና ምክሩንም የሰጡት እርስዎ መሆንዎን ሰምቻለሁ። ልጅን በእናቱ አመድ ፊት ዘብ ማቆም ለተራ ጭንቅላት የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። “እትዬ፣ ትንሽ ታገሡ፤ ፀሐይዋ እስክትገባ ብቻ፤ ፎቶ እያነሱ ነው” አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። “እማዬን እኮ ነው የያዝኳት፣ ኮማንግ” አልኩት። “አውቃለሁ፤ በእናትሽ አታስጨንቂኝ” አለ። በእናትሽ ማለቱን እንኳ ልብ አላለም። በእኛ ዘንድ ለሟች አይለቀስም፤ እንባ የነፍስን መንገድ ያጨቀያል። ስለዚህ ቆመን ፈገግ አልን። እንግዶችዎም “እንዴት ደስተኛ ሕዝብ ነው!” እያሉ ፎቶ አነሱን።

ሦስተኛ፣ እና ከሁሉም በላይ፣ ስለ ኮኮናቱ አመሰግንዎታለሁ። አጠገብዎ የተቀመጠችው ወይዘሮ ያቀፍኩትን አይታ “ያ እንዴት ያምራል! ለእኔም እንደዚያ ያለ ይምጣልኝ” አለች። ከፈረንጅ ጋር በዓሣ ዋጋ ስከራከር ያረጀሁ ነኝና ቋንቋው አያመልጠኝም። እርስዎ፣ የአባትዎን አመድ በእንዲያ ያለ ኮኮናት ይዘው በዚያው መንገድ የወረዱት ሰው፣ ሳቅ ብለው “የአካባቢው መጠጥ ነው፤ ለሆድ ይከብዳል፣ ይቅርብዎ” አሏት። የሴትዮዋ የምግብ ፍላጎት እንዳይዘጋ መጠንቀቅዎ ነው። እናቴ በሕይወቷ ብዙ ስም ወጥቶላታል፤ መጠጥ ተብላ ግን አታውቅም። ያን ጊዜ ጠላሁዎት። አሁንም እጠላዎታለሁ፤ በትሕትና።

ወንድሜም ሰምቶ ኖሯል። ገመዱን ለቀቀው። ኮኮናቱን ከእጄ ተቀብሎ “ነይ እማዬ” አላትና፣ የሆቴሉን የደንብ ልብስ እንደለበሰ፣ በጠረጴዛዎቹና በፀሐይዋ መካከል አቋርጦ እስከ ደረቱ ባሕር ገባ። ካህኑም እኛም ተከተልነው። እናቴ በሰዓቷ ሄደች። በዚያች ምሽት የተነሳው ፎቶ ሁሉ ላይ፣ ፀሐይ መኖር በነበረባት ቦታ፣ የወንድሜ እርጥብ ጀርባ አለ። ከሥራው ተባረረ፤ ይቅርታ ጠይቅ የተባለበትም ወንጀል ይኸው ነው።

አራተኛና አምስተኛም ነበሩኝ፤ ምስጋና ሲበዛ ይሰለቻል ብዬ ተውኳቸው። ወደ መልሱ ልሂድ።

መጥሪያዎን ይዘን የእንጨቱን ደወል አስመታን፤ እድርተኛውም ተሰበሰበ። እርስዎም ተጠርተው ነበር፤ ነገር ግን ሰዓቱ የፀሐይ መጥለቂያ ሆነና አልተመቸዎትም። መጥሪያው ሲነበብ አንድ ሽማግሌ ተነስተው “ሬሳ ይመራል ብለን ሾምነው፣ ሬሳ አስቆመ፤ እንግዲህ ይህን ሰው ምን እናድርገው?” አሉ። ከኋላ አንዲት ሴት “ኧረ እሱስ ሲሞት ማን ሊሸከመው ነው?” ብላ ጠየቀች። አንዱ “እኔ ትከሻዬን ያመኛል” አለ። ሌላውም “እኔንም ሰሞኑን ይወጋኛል” አለ። ክቡር ሆይ፣ በአዳራሹ ውስጥ ትከሻውን ያላመመው አንድ ወንድ ጠፋ።

ስለዚህ ወንድሜ ይቅርታ አይጠይቅም፤ እኛም ከእድር አልተሰረዝንም። የተሰረዙት እርስዎ ነዎት። ለእኛ ያዘጋጁልንን ቅጣት፣ ከቃሉ ሳንጨምር ሳንቀንስ፣ ለእርስዎ አድርገነዋል፤ አጻጻፉ በጣም የተዋጣ ስለሆነ ማረም አላስፈለገንም። የአዳራሹን ቁልፍ በሰው ይላኩልን። ዕድሜዎን ያርዝመው ብዬም ከልቤ እጸልያለሁ፤ ከእንግዲህ የሚኖሩት ብቻዎን ነውና በረዘመ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከገመዱ ወዲህ ሆና እጅ የምትነሳዎት፣
ኒ ነንጋ ሱከርኒ፣
ዓሣ ነጋዴ፣ የዚያ የአካባቢ መጠጥ ሴት ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሬሳዎን ማን እንደሚወስድልዎ አሳስቦኝ ሆቴሉን ጠየቅሁልዎት። የነሐስ እጀታ ያለው፣ ሲወለወል የሚያበራ የሻንጣ ጋሪ አላቸው፤ ለቁመትዎ ጥቂት ቢያጥርም እግርዎን ማጠፍ ይቻላል። ነገር ግን እንግዶች ፀሐይ በሚያዩበት ሰዓት ጋሪው ወደ ባሕሩ እንዳይወርድ በጥብቅ የተከለከለ ነው አሉኝ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አደራዎን፣ ሲሞቱ በጠዋት ይሙቱ።