ሦስቱ ሙሉ ቅርፊቶች

ለምወድሽ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው? የባሕሩ ንፋስ ሲነሳ ከንፈርሽ ላይ የሚወጣው ምች ዘንድሮ ማረሽ? ቶርኪል ወንድሜ ጣሪያውን ጠገነልሽ ወይስ ዛሬም ነገ እያለ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ግላስጎው ይዘንባል። ደህና ነኝ።

በስልክ፣ "ሃያ ዓመት ሙሉ ምኑን ነው የምታዪው?" ብለሽኝ ነበር። ያንቺኑ ምች ነው፣ እማዬ። ምችን የሚያመጣው ቫይረስ ሕዋሳችን ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ባዶ ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ ክር የመሰለውን ረጅም ዘረመሉን በአንዲት ቀዳዳ እየገፋ ያጭቃል። ጢም ሲል ክሩን ቆርጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። አንቺ በልጅነትሽ ያርመዝ ወደብ ላይ ሄሪንግ ዓሣውን በበርሜል ስትደረድሪ፣ ክዳኑ ከተመታ በኋላ ጨው ውሃውን በጎኑ ቀዳዳ ሞልታችሁ ትወትፉት እንደነበረው። ባዶ የቀረ ቅርፊት ማንንም አያሳምምም።

አለቃዬ ዶክተር ፋርኳር ከቫይረሱ አንድ ጂን አወጣች። ያ ከሌለ አንድም ቅርፊት አይሞላም ባይ ናት። ጽሑፏ አልቋል፤ የቀረው የእኔ ቆጠራ ነበር። በማይክሮስኮፑ አንድ ሺህ ቆጠርኩ። ሦስቱ ሙሉ ናቸው። መሃላቸው ጥቁር።

"ሦስት? እስቲ መነጽርሽን ጥረጊ" አለችኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ስትሩዋን ደግሞ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዜሮ በያትና ሻይሽን ጠጪ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እዚህ የሚያኖረኝ ዓይኔ ነው። እሱ ከደከመስ?

ሦስት ቀን እንዲህ ስብሰለሰል ከረምኩ። በአራተኛው፣ መርፌ ስከፍት፣ እጄ ቆመ። ቅርፊቶቹን ከቱቦው የምንቀዳው በመርፌ ነው። ሺሁን በቆጠርኩ ቀን መርፌ አልቆብኝ፣ ጂኑ ያልወጣለትን ጤነኛውን ቫይረስ በቀዳሁበት አለቅልቄ ይሄኛውንም ቀድቼበታለሁ። ሦስቱ ተሻግረው የመጡ ናቸው።

ያኔ ያርመዝ ላይ ተቆጣጣሪው በርሜሉን ከሥሩ ሊከፍት ሲመጣ፣ "የታችኛውን ረድፍ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ብለሽ ቀድመሽ የነገርሽው ትዝ አለኝ። ሄጄ ለዶክተር ፋርኳር ነገርኳት። ጽሑፏን መሳቢያ ውስጥ መለሰች። ከዚያ፣ "እንደ አዲስ ጀምሪ" አለች።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። በአዲስ መርፌ። ሁለት ሺህ ቆጠርኩ፤ አንድም ሙሉ የለም። ባዶ አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዶክተር ፋርኳር የብስኩት ቆርቆሮዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ "እጅሽን እንጃ እንጂ ዓይንሽስ የጭልፊት ነው" አለችኝ። ኮንትራቴም ታደሰ።

ቶርኪልን ሳሚልኝ፤ ጣሪያውን አትርሳ በይው። ሚስቱን ሺናን፣ ሹራቡ ልክ ሆነልኝ በያት። ውሻውንም ዳብሺልኝ። አንቺም ምች ሲወጣብሽ አትርገሚው። እንጀራዬ ነው።

ልጅሽ ኢሽቤል
ግላስጎው፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2002