ምን ልበልልሽ?

ሐምሌ 14 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ጠዋት

ጽዋ ረግጬ አልወጣሁም። ሰፈሩ ሌላ ያወራል፤ አንቺ ግን እውነቱን ያዥልኝ፣ ደብተሬ። ከሰኞው የሚካኤል ማኅበር እማማ አስካለ ተቆጥታ፣ ጸበል ጸዲቁን ሳትቀምስ ሄደች ይባላል። ሐሰት። ቀምሻለሁ። ዳቦው መሐሉ አልበሰለም፤ እሱንም ቀምሻለሁ። የወጣሁት ዝናብ ስለመጣ ነው። እዚህ ጁባ የኮር ዊሊያም ሰፈር መንገድ ሲጨቀይ የሚያውቅ ያውቃል።

ዝናቡ የጣለው እቤቴ ገብቼ፣ ልብሴን ለውጬ፣ ራቴን ከበላሁ በኋላ ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው።

ቄስ በሌለ ጊዜ መዝጊያውን ጸሎት የማደርስ እኔ ነኝ። ሁሌም። ሰኞ ዕለት ግን የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ተነሥቶ፣ እማማ ይረፉ፣ ዛሬ ብርቄ ትጸልይልን አለ። ብርቄ! ወንዙ ወደብ ላይ ለጫኝና አውራጅ ሻይ የምታፈላው። ፊደል አልቆጠረችም። «ጌታዬ፣ ዛሬም መጣሁብህ» ብላ ጀመረች። ከዚያ የእያንዳንዱን ጭንቀት በስሙ እየጠራች ነገረችው። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሙሴው ራሱ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እኔ ስጸልይ ዓይኑን ከድስቱ አይነቅልም።

ፈጣሪን እንደ ቦዳቦዳ ሞተር ነጂ ታናግረዋለች። አንድ ቀን «ኢታ ከፍ?» ብላ እንደ ጁባ ገበያተኛ ሰላም ሳትለው አትቀርም።

እኔ የኔታ ፊት ነው የተማርኩት። ከወንዶቹ መሐል ብቸኛዋ ሴት። የአንዱን ቃል ንባብ ካነሣሁበት ድምፅ ዝቅ ካደረግኩ አለንጋው ይመጣ ነበር። ለዚህ ነው የተገረፍኩት?

ሐምሌ 15፣ ሐሙስ

ልጄ ሂሩት ታማለች። ወባና ታይፎይድ አንድ ላይ ነው አሉ ክሊኒክ። ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው ምግብ ቤቷ ተዘግቷል። መድኃኒት ጀምራለች። ሰውነቷ እሳት።

ራስጌዋ ቆሜ ረጅሙን ጸሎት በግዕዝ አደረስኩ። አንድ ፊደል አልሳትኩም። ስጨርስ ዓይኗን ገለጠች። እማዬ፣ ብርቄን ጥሪልኝ አለች።

እኔ ታዲያ ምን ላደርግ ነው የቆምኩት አልኳት።

«አንቺማ ታነቢያለሽ።» ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

9 ሰዓት። ጠራሻት ወይ ትላለች። ልኬባታለሁ አልኩ። አልላክሁም። ወደቡ ሩቅ ነው። ቦዳቦዳ እፈራለሁ። ጭቃ ነው።

ስልክ አለኝ።

ሐምሌ 16፣ ዓርብ ጠዋት

ለማንም የማልነግረው ነገር ሆነ። ለአንቺ ብቻ።

የዕለቱን ጸሎት እንደ ልማዴ ቆሜ ጀመርኩ። ለየቀኑ የራሱ ምስጋና አለው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አንዱን በአንዱ ቀይሬ አላውቅም። አሜን ብዬ መጽሐፉን ልዘጋ ስል አየሁት። ዕልባቱ ክር የትናንቱ ገጽ ላይ ነው። ያደረስኩት የሐሙስን ነው። ዛሬ ዓርብ ነው።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው! አፌ ብቻውን ሄዷል። እኔ የት ነበርኩ? ወደብ። የብርቄን ሻይ ማፍያ በሐሳቤ እየገለበጥኩ ነበር።

የኔታ ቢኖሩ ገና በመጀመሪያው ቃል አለንጋው ያርፍብኝ ነበር። ዛሬ የገረፈኝ የለም። እግዜርም ዝም አለ። ልማዱ ይሆን? ስንት ዓመት ዝም ብሎኝ ይሆን?

እንደገና የዓርቡን ልጀምር አልኩ።  ተውኩት።

የዚያው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ብርቄ መጣች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ሽሮ መያዣ በእጇ። በሩ ላይ ገተርኳት። «እማማ፣ እንደ ትራፊክ ምን ያቆሙኛል? መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ያስገቡኝ!» ብላ ሳቀች። ሂሩት ናት የደወለችላት። ብርቄ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም ስትለኝ ሂሩት ከውስጥ ሰማች፤ መዋሸቴን አወቀች። «ግቢ፣ ብርቄ» ብላ ጠራቻት። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ከመጋረጃው ወዲህ ቆምኩ። አዎ፣ ላዳምጥ። ምን ዓይነት ጸሎት እንደሆነ ልወቅ፣ ስህተቷን ልቁጠር ብዬ።

አልጸለየችም። አልጋው ላይ ቁጭ አለች፤ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ጠየቀቻት። «ሂሩትዬ፣ ምን ልበልልሽ?»

 ልጄ፣ ፈርቻለሁ በይልኝ አለቻት። ብሞት እማዬ በሰው አገር ብቻዋን ትቀራለች።

ብርቄ «ጌታዬ፣ ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ። እማማ ብቻቸውን እንዳይቀሩ» አለች። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሁለቱም ያለቅሳሉ። በኋላ ስለ ሽሮው ጨው መብዛት ሲሳሳቁ ሰማሁ።

ልጄ ናት። ያ ፍርሃት የኔ ነበር፣ ስለ እኔ ነበር፤ ለሻይ አፍይዋ ሰጠቻት። ብርቄ ስትሄድ ሳምኳት። ጥርሴን ነክሼ።  አልዋሽሽም፣ ደብተሬ፣ ዛሬም እጠላታለሁ።

ግን ሂሩትን ምን ልበልልሽ ብዬ አላውቅም። አንድም ቀን። የሚባለው ተጽፎ ነበርና።

ትኩሳቱ አሁንም አልወረደም። ብርቄ ነገ ከሻይ መልስ እመጣለሁ ብላለች።

ነገ ቅዳሜ። መጀመሪያ ፊቴን እታጠባለሁ። መጽሐፉን አልከፍትም። ወንበር ይዤ ሂሩት ዘንድ እገባለሁ፤ አልቆምም፣ እቀመጣለሁ። አልላክሁባትም ነበር፣ ቀንቼ ነው እላታለሁ። ከዚያ ምን ልበልልሽ ብዬ እጠይቃታለሁ፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

ብርቄ ሳትመጣ።